ዴቢት በግራ፣ ሽንኩርት በቀኝ

ሸዋ ሮቢት ላይ አካውንቲንግ የሚማር ወጣት ሁለት ነገር መቻል አለበት። አንደኛው ሙቀቱን ነው። ከጣርማ በር ጉም ወርዶ፣ ደብረ ሲናን አልፎ ቆላው ሲገባ አየሩ ሌላ አገር ይሆናል፤ ከምሳ በኋላ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ተቀምጦ፣ ላቡ ደብተሩ ላይ እየተንጠባጠበ፣ የሌጀሩን ድምር ከጆርናሉ ጋር ማስታረቅ ራሱን የቻለ ሙያ ነው። ሁለተኛው የዘመድ ጥያቄ ነው። ነርስነት የሚማረውን ማንም አይጠይቀውም፤ መርፌ እንደሚወጋ የታወቀ ነው። አውቶ መካኒክ የሚማረውን መንገዱ ራሱ ይመልስለታል፤ የአዲስ አበባ ደሴ አውራ ጎዳና ከተማውን ሰንጥቆ ስለሚያልፍ የተበላሸ አይሱዙ ጠፍቶ አያውቅም። አካውንቲንግ የሚማረውን ግን አጎቱ ሠርግ ቤት ድንኳን ውስጥ ያገኘውና፣ «እሺ ወንድሜ፣ ለመሆኑ የማንን ገንዘብ ነው የምትቆጥረው?» ይለዋል። ድንኳኑ በሙሉ ይስቃል። ልጁም አብሮ ይስቃል፤ የሚመልሰው ስለሌለው። እኔ እንደማየው ግን አጎትየው ሳያስበው ከፈታኞቹ ሁሉ የበለጠ ጥያቄ ጠይቋል፤ ኮሌጁም ከመግቢያ እስከ ምረቃ ድረስ ሲያልፈው የሚኖረው ይህንኑ ጥያቄ ነው።

የተለመደው መልስ «አካውንታንት በዝቷል» የሚል ነው። ለምን እንደበዛ ማወቅ አይከብድም። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ የተከተሉት ዓመታትም ብዙ አልተሻሉም። የቀረው ወጣት ወዴት ይሂድ? ብየዳ ለማስተማር የብየዳ ማሽንና ኤሌክትሮድ ያስፈልጋል፤ ነርስ ለማስተማር ሆስፒታል መለመን አለ። አካውንቲንግ ግን ጥቁር ሰሌዳ፣ ጠመኔና ተማሪው ራሱ ገዝቶ የሚመጣ ካልኩሌተር ይበቃዋል። ኮሌጅ የሚከፍት ሰው ሒሳብ ቢያውቅም ባያውቅም ይህችን ሒሳብ አይስታትም። ስለዚህ ጋውን ለብሶ የተነሣው ፎቶ ሳሎን ተሰቅሎ፣ ባለፎቶው ከፎቶው ሥር ሥራ ፈትቶ የተቀመጠበት ቤት በዛ። ይህን አልክድም። የምክደው «በዝቷል» የሚለውን ቃል ነው። ከተማው ውስጥ ያለውን ሱቅ፣ መጋዘን፣ ምግብ ቤት፣ ጋራዥ፣ በሮቢ ወንዝ ዳርና ዳር በፓምፕ የሚለማውን ማሳ፣ ማኅበሩንና ዕቁቡን አስቡት፤ ከዚያ ውስጥ ዓመቱ ሲያልቅ አተረፍኩ ወይ ከሰርኩ ብሎ በወረቀት የሚያሳይ ስንቱ ነው? የበዛው የሒሳብ ባለሙያ አይደለም፤ የበዛው የሌለ ድርጅት ሒሳብ አሳምሮ የሚያውቅ ሰው ነው።

የሌለው ድርጅት ስም አለው፤ ኤቢሲ ካምፓኒ ይባላል። ተማሪው ገና ወንበሩን ሳያሞቅ ይተዋወቀዋል። ባለቤቱ ጃንዋሪ 1 ቀን ጥሬ ገንዘብ አስገብቶ ሥራ ይጀምራል፤ በማግስቱ የቢሮ ዕቃ ይገዛል፤ በሦስተኛው ቀን የዓመት ኢንሹራንስ አስቀድሞ ይከፍላል፤ ዲሴምበር 31 ላይ አንድ ሳንቲም ሳትጎድል ሒሳቡን ይዘጋል። ደንበኞቹ ደግሞ ከየት እንደመጡ አይታወቅም፤ በዱቤ የወሰዱትን ዕቃ በአሥር ቀን ውስጥ ከከፈሉ ሁለት በመቶ ይቀነስላቸዋል፣ ካልሆነ በሠላሳ ቀን ይከፍላሉ፣ ደግሞም ይከፍላሉ! ሸዋ ሮቢት ባለችበት ይፋት ውስጥ የዱቤ ቀጠሮ እንዲህ አይነገርም። «ማሽላው ሲወቃ»፣ «ማሾው ሲሸጥ»፣ «ልጄ ከጅቡቲ ሲልክ» ነው የሚባለው፤ ቅናሽ የሚጠየቀውም ዕቃው ሲወሰድ እንጂ ዕዳው ሲከፈል አይደለም። ዓመቱም ቢሆን ሦስት ቦታ ነው የሚያልቀው። ለመንግሥት ሰኔ 30 ያልቃል፤ ለሰው ሁሉ ደመወዝ በሌላት በጳጉሜን ያልቃል፤ ለባለዕዳው ደግሞ እህሉ ጎተራ ሲገባ ያልቃል። ዲሴምበር 31 ማለት ታኅሣሥ 22 ገደማ ነው፤ በዚያ ሰሞን ገበሬው ከአውድማ፣ ነጋዴው ከገበሬው ደጅ አይጠፋም፤ ሒሳብ የሚዘጋ ሳይሆን ገና የሚከፈትበት ወቅት ነው። ተማሪው የኤቢሲን ወንበርና ጠረጴዛ ዋጋ በቃሉ ይዞ ሲመረቅ፣ አባቱ ባለፈው በጋ ለፓምፕ ነዳጅ ስንት እንዳወጣ ግን አያውቅም። አባቱም አያውቅም።

እዚህ ላይ አንድ ሰው ተነሥቶ «የይፋት ሰው መዝገብ የማያውቅ ስለሆነ ነው» ቢል በጣም ተሳስቷል። የሰፈር ሱቅ ገብታችሁ ከሚዛኑ አጠገብ ያለችውን ባለ 50 ሉክ ደብተር ተመልከቱ። ሽፋኗ ዘይት ጠጥቷል፤ እስክሪብቶዋ እንዳትሰደድ በሲባጎ ታስራለች። ውስጧ «ረጅሙ ሹፌር፣ ስኳር 2 ኪሎ»፣ «የባጃጁ ልጅ፣ ካርድ»፣ «የመምህሯ ሠራተኛ፣ ዘይት፣ ነገ» የሚል ተጽፏል። «ነገ» የሚለው ቀን የለውም። የተከፈለው በአንድ ረጅም መስመር ይሰረዛል፤ ያልተሰረዘው ሁሉ ኮሌጁ «ተሰብሳቢ ሒሳብ» ብሎ አንድ ሙሉ ምዕራፍ የሚያስተምርበት ነገር ነው። ጠንቃቃ ደንበኛ ደግሞ የራሱን ትንሽ ደብተር ይዞ ይመጣል፤ ባለሱቁ በዚያም ይጽፍለታል፤ አንድ ግብይት ሁለት ቦታ መመዝገብ ማለት ከዚህ አይርቅም። ዕድሩን ደግሞ እዩት፤ ዳኛው ያዝዛል፣ ጸሐፊው ይመዘግባል፣ ገንዘብ ያዡ ይይዛል፤ ሦስቱ አንድ ሰው እንዳይሆኑ አባላቱ የሚጠነቀቁትን ጥንቃቄ የኦዲት መማሪያ የውስጥ ቁጥጥር ይለዋል። ዕቁብ ላይ ዕጣ የወጣለት ሰው ዋስ ሳይጠራ ገንዘቡን አያይም፤ ብድር የማይመለስ ሆኖ ያማረረው ባንክ ይህን ቢማር አይከፋም።

ፓቾሊ የሚሉትን ሰው ተማሪዎቹ በመጀመሪያው ምዕራፍ ያገኙታል። ሉካ ፓቾሊ ኢጣሊያዊ መነኩሴ ነበር፤ እኛ ዘንድ ዐፄ እስክንድር በሞቱበት በ1494 እ.ኤ.አ. ቬኒስ ላይ ባሳተመው የሒሳብ መጽሐፍ ውስጥ ስለ ሁለት ጎን መዝገብ ጻፈ። ሰውየው ግን መዝገቡን አልፈለሰፈውም። የቬኒስ ነጋዴዎች ቀድመው ሲሠሩበት የነበረውን አይቶ፣ ጠይቆ፣ ሥርዓት አስይዞ ነው የጻፈው። ገበያው ይቀድማል፣ መጽሐፉ ይከተላል። የይፋት ቆላ ደግሞ የገበያ ችግር ኖሮበት አያውቅም። የወላስማ ሱልጣኖች በ13ኛው ክፍለ ዘመን እዚህ ሲነሡ ከዘይላ ወደብ ወደ ደጋው የሚወጣው ንግድ በእጃቸው ላይ ነበር፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን አንኮበር ሥር ያለችው አልዩ አምባ ከታጁራ የሚመጣው ሲራራ ነጋዴ የሚራገፍባት የሸዋ ትልቅ ገበያ ነበረች፤ የአርጎባ ሸማኔና ነጋዴ ስሙ ከዚያ በፊትም በኋላም አልጠፋም። በአልዩ አምባ ማርትሬዛና አሞሌ ጨው ጎን ለጎን ይሠሩ ነበር። አሞሌ ዝናብ ሲመታው የሚያንስ፣ ሸክም ላይ ሲፋተግ የሚሸራረፍ ገንዘብ ነበር፤ የእርጅና ተቀናሽ የሚባለውን ትምህርት ከአሞሌ ነጋዴ የበለጠ የሚያስተምር አይገኝም ነበር። ይህን ሁሉ አይቶ የጻፈ የይፋት ፓቾሊ ግን አልተነሣም። ስለዚህ የቬኒስን ነጋዴ ልማድ፣ አሜሪካ ደርሶ በዶላር ተተርጉሞ ሲመጣ፣ ሸዋ ሮቢት ላይ እንሸመድዳለን።

በእርግጥ ደብተር አለ ማለት ሒሳብ አለ ማለት አይደለም። የዱቤ ደብተር ሌላው ሰው ያለበትን ዕዳ እንጂ ባለሱቁ ያለበትን ሁኔታ አይናገርም። ለዚህ ከሽንኩርት የተሻለ ማስረጃ የለኝም። አንድ ገበሬ በሮቢ ዳር አንድ ጥማድ ሽንኩርት በመስኖ አለማ እንበል፤ ቁጥሮቹን ለምሳሌ ያህል የማስቀምጣቸው ናቸው። 120,000 ብር ሸጠ። ለዘር 18,000፣ ለማዳበሪያና ለመድኃኒት 22,000፣ ለፓምፑ ነዳጅ 15,000፣ ለቀን ሠራተኛ 20,000 አወጣ። 75,000 ወጥቶ 45,000 ቀረ፤ ሰውየው ጠጅ ቤት ሄዶ ወይም ጀማው ላይ ቁጭ ብሎ «ዘንድሮ ሽንኩርት ካሰችኝ» ቢል አይፈረድበትም። አሁን የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ልጁ ይምጣና ጠይቅ ይባል። ፓምፑን በ40,000 ብር ነው የገዛኸው፤ አሥር ምርት ቢያገለግል ለዚህኛው 4,000 ይደርሰዋል። እናቴና ሁለቱ እህቶቼ አራት ወር ሙሉ ሲያርሙና ሲኮተኩቱ ከረሙ፤ ለሌላ ሰው ቢሠሩ ኖሮ 18,000 ባገኙ። ለቀን ሠራተኞቹ ከቤት የወጣው እንጀራና ቡና 6,000 አያንስም። መሬቱን ለሌላ ብታከራየው 12,000 ይከፈልህ ነበር። ይህ ተደምሮ 40,000 ይሆናል። ካሳው 5,000 ብር ሆኖ አረፈው። ሽንኩርቷ ደግሞ ዋጋ እስኪወጣ ማሳ ላይ ብትቆይ ትበሰብሳለች፤ ደላላው ይህን ያውቃል፤ አይሱዙው ማሳው ዳር ቆሞ ሞተሩን የማያጠፋውም ለዚህ ነው።

ይህን የሚሰማ ሰው «ታዲያ ባይነገረው አይሻለውም?» ሊል ይችላል። ጥያቄው ቀላል አይደለም፤ 45,000 አተረፍኩ ብሎ ደስ ያለው ሰው 5,000 ነው ሲባል ደስታው ላይ የተቀነሰውን 40,000 ማን ይተካለታል? ቤቱም ይታመሳል፤ የእናትየው ጉልበት 18,000 ብር ነው ተብሎ አንዴ ከተጻፈ እናትየዋ ደብተሩን ማየቷ አይቀርም። ነገር ግን ገበሬው በሚመጣው በጋ የሚወስነው ነገር አለ። ያው መሬት ላይ ማሾ ቢዘራ በሁለት ሦስት ወር ይደርሳል፣ ብዙ ውኃ አይጠይቅም፣ ጎተራ ውስጥ ቢቀመጥ አይበሰብስም፤ ይፋት ደግሞ የማሾ አገር ነው፤ ማሾ ዛሬ በኢትዮጵያ ምርት ገበያ ከሚገበያዩት ምርቶች አንዱ ሆኗል። ሽንኩርት ወይስ ማሾ የሚለውን የሚመልሰው የሽያጩ ገንዘብ ሳይሆን የቀረው ነው። የቀረውን ያላወቀ ሰው ጎረቤቱ የዘራውን ይዘራል፤ ሁሉም ሽንኩርት ይዘራል፤ ሽንኩርት ይረክሳል፤ በማግስቱ ዓመት ሁሉም ይተዋል፤ ሽንኩርት ይወደዳል። በየዓመቱ ዋጋውን የምንረግመው ሁላችን የዚህ ያልተጻፈ ደብተር ባለዕዳዎች ነን።

መሬቱ በእኩል የተያዘ ከሆነ ደግሞ ነገሩ ይከፋል። አንዱ መሬት፣ አንዱ ፓምፕና ጉልበት ያዋጣል፤ ዘሩ በማን፣ ነዳጁ በማን፣ ፓምፑ መሀል ላይ ቢሰበር ማሠሪያው በማን የሚለው ሲጀመር በቃል ያልፋል፤ ሲያልቅ በጠብ ይነሣል። ያን ጊዜ ሽማግሌ ይጠራል። ሽማግሌዎቹ ከዛፍ ሥር ተቀምጠው «መጋቢት ላይ ሁለት ጀሪካን ያመጣው ማን ነበር?» እያሉ የነዳጅ ወጪ ሲያጣሩ ይውላሉ፤ ምስክር ይሰማሉ፤ ሲቸግራቸው ክርስቲያኑን በታቦቱ፣ ሙስሊሙን በቁርኣኑ ያስምላሉ። የሽማግሌውን ሥራ አላቃልልም፤ ከኦዲተር የሚለየው ከጠብ በኋላ መምጣቱና ደረሰኝ ባጣበት እግዚአብሔርን መጥራቱ ብቻ ነው። አንድ የኮሌጅ ተማሪ በየሳምንቱ ወጪውን በሁለት ደብተር ጽፎ ሁለቱን ወገን ቢያስፈርም ግን ፈጣሪ በሁለት ጀሪካን ነዳጅ ባልተጠራ ነበር።

ትልቁ ተቃውሞ ከዚህ በኋላ ይመጣል። ነጋዴው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ልጄ፣ ደብተር ከያዝኩማ ገቢዎች ያገኘኛል» ይላል። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979 ግብር ከፋዩን በሦስት ደረጃ ከፍሎት ነበር፤ በዓመት አንድ ሚሊዮን ብርና ከዚያ በላይ የሚያንቀሳቅሰው ደረጃ ሀ፣ ከ500,000 እስከ አንድ ሚሊዮን ደረጃ ለ፣ ከዚያ በታች ያለው ደረጃ ሐ። ከዚያ ወዲህ አዋጁ ተሻሽሎ የገንዘቡ ወለል ከፍ ብሏል። ትንሹ ነጋዴ መዝገብ እንዲይዝ አልተገደደም፤ በቁርጥ ይከፍል ነበር። እፎይ ያለ መስሎት ነበር። በ2009 ዓ.ም. ግን የቀን ገቢ ግምት የሚባለው ነገር መጣ፤ ገማቾች ሱቅ በሱቅ እየዞሩ በቀን ስንት ትሸጣለህ ብለው ጠየቁ፣ መደርደሪያውን አዩ፣ ገምተው ሄዱ። ውጤቱ ሲነገር አዲስ አበባ ላይ ቅሬታው ጎረፈ፤ በኦሮሚያ አንዳንድ ከተሞች ሱቅ ተዘጋ። እንዲህ ያለ ሰሞን ነጋዴው የሚያደርገውን ሁላችንም እናውቃለን፤ መደርደሪያው ይራቆታል፣ ደንበኛ ቆይተህ ተመለስ ይባላል፣ ባለቤቱ የታመመ ይመስላል። ገማቹም ይህን ስለሚያውቅ በታመመው ላይ ይጨምርበታል። ደብተር የሌለው ሰው ደብተሩ የገማቹ ዓይን ነው፤ ዓይን ደግሞ የተሸጠውን እንጂ የገዛበትን ዋጋ፣ የቤት ኪራዩን፣ የተበላሸውን ቲማቲም አያይም። መዝገብ ያለው ግን ወጪውን ቀንሶ በትርፉ ላይ ይከፍላል፤ ሕጉ በሚፈቅደው መጠን የዘንድሮውን ኪሳራ ወደሚቀጥለው ዓመት ያሻግራል። በርግጥ ብዙ አትርፎ ጥቂት መክፈል የለመደ ሰው በመዝገብ ይጎዳል። እሱን ላሳምነው አልሞክርም፤ በጣም ጎበዝ የሒሳብ ባለሙያ ያለው እሱ ነውና፣ ጭንቅላቱ ውስጥ ሁለት መዝገብ ይይዛል።

እንደ እውነቱ ከሆነ ነጋዴው ደብተሩን የሚደብቀው ከገቢዎች ብቻ አይመስለኝም። ከገቢዎች ይልቅ አማቹን ይፈራል። ገቢዎች በዓመት አንዴ ይመጣል፤ ዘመድ በማንኛውም ቀን ይመጣል። ትርፉ በቁጥር ተጽፎ የተቀመጠ ሰው «እጄ ላይ ምንም የለም» ለማለት አንደበቱ ይተሳሰራል፤ «ሥራ እንዴት ነው?» ሲባል «ተመስገን፣ ጦም ከማደር ይሻላል» ብሎ ማምለጥ የሚቻለው ቁጥሩን ሳያውቁ ነው። ለዚህ መልሱ ኤቢሲ ካምፓኒ ያለው አንድ መልካም ነገር ነው፤ ባለቤቱና ድርጅቱ ሁለት ሰው ናቸው። ባለሱቁ ለራሱ ደመወዝ ቆርጦ ቢወስድና የቀረው የሱቁ ነው ቢል፣ አማቹ ሲመጣ «እኔ ደመወዝተኛ ነኝ፣ ወር አላለቀም» ማለት ይችላል። ከዚህ የበለጠ የሙያውን ጥቅም የሚያስረዳ ምዕራፍ ያለው አይመስለኝም፤ መጽሐፉ ግን ስለ አማች አንድ ቃል አይጽፍም።

መዝገብ ማጣት ምን እንደሚያስከትል ማየት የፈለገ የአርተር ሬምቦን ጉዳይ ያንብብ። ግጥሙን ትቶ ነጋዴ የሆነው ፈረንሳዊ በ1879 ዓ.ም. ለምኒልክ የሚሸጥ ጠመንጃ አስጭኖ ከታጁራ በአፋር በረሃ አንኮበር ገባ፤ የቅፍለቱ መንገድ ከበረሃው ወደ ሸዋ የሚገባው በይፋት ቆላ በፋሬ በኩል ነበር። የንግድ ሸሪኩ ላባቱት አንኮበር የኖረ ሰው ሲሆን ከዚያ በፊት ሞቷል። ሬምቦ እንደደረሰ «ሟቹ ይህን ያህል አለብኝ ብሎ ነበር» የሚለው ሁሉ ተሰበሰበበት፤ የሰውየው ባልቴትም የድርሻዋን ጠየቀች። ለፈረንሳይ ወኪል በጻፈው ደብዳቤ ራሱ እንደሚናገረው ላባቱት ማስታወሻውን የጻፈባቸውን 34 ጥራዞች ባልቴቲቱ ቤት አግኝቶ፣ እርግማኗን ከቁብ ሳይቆጥር አቃጠላቸው፤ ከቅጠሎቹ መሀል የንብረት ሰነዶች እንደነበሩ የሰማው በኋላ ነው። በዓለም ቅኔ የተደነቀ ሰው ይፋት አፋፍ ላይ የፈጸመው ትልቁ ስሕተት የሒሳብ ስሕተት ሆነ። ደብተር በባለጉዳዩ እጅ ብቻ አይቃጠልም፤ በ2013 ዓ.ም. ሚያዝያ አጣዬ ስትቃጠል፣ በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሸዋ ሮቢት ድረስ ሲዘልቅ፣ ከሱቁ ጋር ዱቤውም ጠፍቷል። ያለው አንድ ቅጂ ከሆነ መጻፉ ብቻውን አያድንም። ሁለተኛው ቅጂ ሌላ ቤት እንዲቀመጥ ማስተማር ሁለት ሰዓት የሚፈጅ ትምህርት ነው።

«ቴክኖሎጂ መጥቷል፣ የሒሳብ ሠራተኛ ምን ያደርጋል?» የሚሉም አሉ። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ከመጣ ወዲህ ቲማቲም የምትሸጠው እናት ስልክ ውስጥ ከብዙ ሱቅ የተሻለ መዝገብ አለ፤ ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ የከፈለው ሰው፣ የቀረው ሂሳብ። ግን መልእክቱ 500 ብር ገባ ይላል እንጂ የቲማቲም ይሁን የዕቁብ አይልም። ፒችትሪም ቢሆን (በተወለደበት አገር ስሙ ሴጅ ከተባለ ቆየ፤ እኛ ጋ ማስታወቂያው ላይ ዛሬም ፒችትሪ ነው) የሚያሳምረው የነገሩትን ነው። ነዳጁን የገዛው ማን እንደሆነ ካልነገሩት ሽማግሌ አይጠራም።

የሚቀረው የአጎትየው ጥያቄ ነው፤ ማን ይቀጥራል? አንድ ባለሱቅ አንድ የሒሳብ ሠራተኛ መቅጠር አይችልም፤ ሃያ ባለሱቅ ግን አንዱን ይችላሉ፤ በወር ከእያንዳንዱ ጥቂት ብር ተቀብሎ የብዙዎችን መዝገብ የሚይዝ ባለሙያ በትልልቅ ከተሞች የተለመደ ነው። ሁለገብ የኅብረት ሥራ ማኅበራት አሉ፤ አዋጅ ቁጥር 985/2009 ሒሳባቸው በየዓመቱ እንዲመረመር ያዛል፤ ለመመርመር ደግሞ መጀመሪያ የተጻፈ ሒሳብ መኖር አለበት። ወረዳ ፋይናንስ፣ ጸደይ ባንክ (የቀድሞው አብቁተ) እና ሌሎቹ ባንኮች የሚቀጥሩት ቁጥር ውሱን ነው፤ ተማሪው ሁሉ ግን የሚያልመው እነዚያን ነው፤ ወንበሩ ይሽከረከራላ። ማሳ ዳር ያለው ወንበር አይሽከረከርም። ይህን ለማላመድ ኮሌጆች የትብብር ሥልጠና የሚሉት ነገር በእጃቸው አለ፤ ተማሪው ለልምምድ ወደ መሥሪያ ቤት ይላካል፣ እዚያ ፎቶ ኮፒ ያነሣል፣ ሻይ ያዝዛል፣ ማኅተም አስመትቶ ይመለሳል። በዚያ ፋንታ ወደ ሰንበቴ ይላክ። ሰንበቴ ከሸዋ ሮቢት በስተሰሜን በዚያው አውራ ጎዳና ላይ ናት፤ ገበያዋ እሁድ ይቆማል፤ አፋሩ፣ አርጎባው፣ ኦሮሞውና አማራው ግመል፣ ፍየል፣ ሸማና እህል ይዘው ይገናኙባታል። ተማሪው አንድ የፍየል ነጋዴ አስፈቅዶ አጠገቡ ይቀመጥና የገዛበትን፣ የሸጠበትን፣ ለደላላ፣ ለቀረጥና ለጫት የወጣውን ከጠዋት እስከ ማታ ይጻፍለት፤ ማታ ላይ አንብቦለት ይከራከሩበት።

እንቅፋቱ ምን እንደሆነ ከወዲሁ ይታወቃል። እሁድ ነው፤ አሠልጣኙ አበል ይጠይቃል። ፋይናንስ አበሉን ለመክፈል የትራንስፖርት ደረሰኝ ይጠይቃል። የሚኒባሱ ረዳት ደረሰኝ ሲጠየቅ «የምን?» ይላል። ከመሄዳችሁ በፊት ሦስት ፕሮፎርማ አምጡ የሚል ኃላፊም አይጠፋም። ደረሰኝ በማይገኝበት ግዢ ላይ ወጪውን በምስክሮች ፊርማ የማወራረድ አሠራር ግን ድሮም አለ፤ ወረቀቱን የሚሞላ ሰው ብቻ ነው የሚፈልገው። የክፍያው ቀን፣ መነሻና መድረሻ፣ የተሳፋሪ ብዛት፣ የተከፈለው ብር፣ የሦስት ሰው ስምና ፊርማ ይጻፍበታል። ሚኒባስ ሙሉ ተማሪ ከነአሠልጣኙ ተሳፍሮ ይህን ወረቀት አንድም ሰው ካልሞላው፣ የሰንበቴው ልምምድ ይቆየን፤ ፈተናው እዚያው ሚኒባሱ ውስጥ፣ ጀውሃ ሳይደርስ ይጀመር።